ሁለት ድራይቨር በአንድ ዋይፋይ ላይ ሲሻሙ፦ በሊኑክስ ዴስክቶፕ የዩኤስቢ አዳፕተርን ችግር ከሥሩ መፍታት

ሰኔ ላይ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ በተቃረበበት ሳምንት፣ ታላቅ እኅቴ ከባሕር ዳር፣ ከአባይ ማዶ ሰፈር ደወለችልኝ። እዚያ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አላት። «ወንድምዓለም፣ ዋይፋዩ ጠፍቷል። ተማሪዎቹ ተሰልፈዋል፤ ጽሑፋቸው ያለው ቴሌግራም ላይ ነው፣ ማውረድ አልቻልኩም» አለችኝ። ከፔዳ አካባቢ ተነሥቼ ድልድዩን ተሻግሬ ስደርስ ሰባት ስምንት ልጆች ጃንጥላ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

ኮምፒውተሯ ኡቡንቱ 22.04 የተባለው የሊኑክስ ዓይነት የተጫነበት ዴስክቶፕ ነው። ኢንተርኔት የሚያገኘው ከጀርባው በተሰካች፣ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል የዩኤስቢ ዋይፋይ በኩል ነው። ማታ ሲስተሙ እየታደሰ ሳለ መብራት ጠፍቷል። ጠዋት ሲከፈት አዳፕተሯ የለችም። እኅቴን የሚያግዛት ልጅ በስልኩ መላ ፈልጎ አንድ ድራይቨር፣ ማለትም ሲስተሙ ዕቃውን የሚያነጋግርበትን ፕሮግራም፣ ጫነ፤ አልሠራም። ሌላ ጨመረበት፤ አሁንም አልሠራም። እኔ ስደርስ ከዱሮው ጋር ተደምረው ለአንዲት አዳፕተር ሦስት ድራይቨሮች ተደርድረዋል፤ አንዳቸውም ግን አልያዟትም።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ተረት ለብዙ ነገር ይሠራል። ለድራይቨር ግን አይሠራም። ዋይፋይ እምቢ ሲል ሰው ሁሉ እጁ የሚሮጠው ሌላ ለመጨመር ነው፤ ትክክለኛው መንገድ ግን መጀመሪያ ማወቅ፣ ቀጥሎ መቀነስ፣ በመጨረሻ ብቻ መጨመር ነው። ይህንን ቅደም ተከተል የጠበቀ ሰው አብዛኛውን ችግር ምንም ሳያወርድ ይፈታዋል።

ሽኩቻው ከየት ይመጣል?

አዳፕተር ሲሰካ ለከርነሉ፣ ማለትም ዕቃዎቹን ሁሉ ለሚያስተዳድረው የሲስተሙ እምብርት፣ ሁለት መለያ ቁጥሮች ይናገራል፦ አንዱ የአምራቹ፣ ሌላው የምርቱ። እያንዳንዱ ድራይቨር ደግሞ «እነዚህ ቁጥሮች የእኔ ናቸው» የሚል ዝርዝር በውስጡ ይዟል። ሲስተሙ ከቁጥሩ ጋር የሚስማማውን ድራይቨር ሁሉ ይጭናል፤ ቀድሞ የደረሰው አዳፕተሩን ይይዛል፣ ሌላው ባዶ እጁን ይቀራል። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ማን እንደሚቀድም እርግጠኛ መሆን አይቻልም። «ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ አለ» የሚባለው ችግር ብዙ ጊዜ ምንጩ ይኸው ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ እገዳ ነው። ከውጭ የሚጫኑ ድራይቨሮች ብዙዎቹ ሲጫኑ የከርነሉን የራሱን ድራይቨር የሚያግድ አጭር ፋይል ያስቀምጣሉ። ያ የውጭ ድራይቨር አንድ ቀን ሲበላሽ እገዳው በቦታው ይቀራል። የውጪው አይሠራም፣ የቤቱ ደግሞ ታግዷል፤ አዳፕተሩ ባለቤት አልባ ይሆናል። የእኅቴ ኮምፒውተር ላይ የሆነው ይህ ነበር።

ከመጀመራችሁ በፊት

ዋይፋዩ እስኪመለስ ኢንተርኔት ከስልካችሁ ውሰዱ። ስልኩን በቻርጀሩ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኙና በስልኩ ቅንብር ውስጥ የዩኤስቢ ቴዘሪንግን አብሩ። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ባለ ገመድ ኔትወርክ ይቆጥረዋል፤ ተጨማሪ ድራይቨር አይጠይቅም። የዳታ ጥቅላችሁን ለማትረፍ በዚህ ሰዓት ጠቅላላ የሲስተም ማሻሻያ አታስጀምሩ። ጥቅሉን ከመጨረሱም በላይ ከርነሉ መሐል ላይ ሊቀየርባችሁና ምርመራችሁን ሊያዛባው ይችላል። የእኅቴን ወረፋ ያቃለልኩትም በዚሁ ነው፦ ስልኬን ሰክቼላት እሷ ማተሟን ቀጠለች፣ እኔ በተርሚናል፣ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ ሥራዬን ጀመርኩ።

ስለ ትእዛዞቹ አንድ ማሳሰቢያ። እዚህ የጻፍኳቸው በላቲን ፊደሎች ስም ነው። በሰረዝ የተያያዙት እያንዳንዳቸው አንድ ፊደል ናቸው፦ «ኤ» የመጀመሪያው የላቲን ፊደል፣ «ኢ» አምስተኛው፣ «አይ» ዘጠነኛው ነው። በተርሚናል ላይ ሰረዙን ትታችሁ ፊደሎቹን አያይዛችሁ በትንሹ የላቲን ፊደል ጻፏቸው። የሰረዝ ምልክት ራሱ ሲያስፈልግ «የመቀነስ ምልክት» እላለሁ። የአማርኛ ኪቦርድ ከፍታችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ወደ እንግሊዝኛው ቀይሩ። የአስተዳዳሪ ፈቃድ በሚጠይቁት ፊት «ኤስ-ዩ-ዲ-ኦ» ይገባል፤ ከዚህ በኋላ ሱዶ እለዋለሁ።

እርምጃ 1፦ ችግሩ የዕቃው ነው ወይስ የድራይቨሩ?

ይህ እርምጃ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜዋለሁ። አዳፕተሩን ንቀሉ። ተርሚናል ከፍታችሁ ሱዶ «ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ» ጻፉ፤ ክፍተት ትታችሁ የመቀነስ ምልክትና «ደብሊው» ጨምሩ። ይህ የከርነሉን መልእክቶች እየተከታተለ ያሳያል። አሁን አዳፕተሩን ሰክታችሁ የሚወጡትን መስመሮች ተመልከቱ።

አዲስ የዩኤስቢ ዕቃ እንደተገኘ የሚናገር መስመር ወጥቶ የአምራቹና የምርቱ ቁጥር ከተከተለ ዕቃው በሕይወት አለ ማለት ነው። ምንም መስመር ካልመጣ ወይም የስሕተት ቁጥር -71 ወይም -110 እየተደጋገመ ከመጣ ድራይቨሩን አትንኩት። የመጀመሪያው በዕቃውና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው ንግግር መበላሸቱን፣ ሁለተኛው ዕቃው በጊዜው አለመመለሱን ነው የሚናገረው። ሁለቱም በአብዛኛው የሚመነጩት ከላላ መሰኪያ፣ ከደካማ ማራዘሚያ ገመድ ወይም ከኃይል ማነስ ነው። የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ እስከ 500፣ የ3.0 እስከ 900 ሚሊአምፔር እንዲሰጥ ይጠበቃል፤ በዴስክቶፑ ፊት ለፊት ያሉት መሰኪያዎች ግን ከማዘርቦርዱ በቀጭን ገመድ የሚደርሱ በመሆናቸው ብዙ ጊዜ ይደክማሉ። ስለዚህ አዳፕተሩን ከጀርባ፣ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ካሉት መሰኪያዎች በአንዱ ሞክሩት። እዚያም ዝም ካለ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት። በሌላውም ካልታየ ቀሪው ጉዳይ ከድራይቨር ጋር አይደለም።

በመልእክቶቹ ውስጥ የስሕተት ቁጥር -2 እና ፈርምዌር የሚል ቃል አብረው ከታዩ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። ድራይቨሩ አለ፣ ለቺፑ የሚያስገባው ፋይል ግን ጠፍቷል። በኡቡንቱና በሚንት «ሊኑክስ፣ የመቀነስ ምልክት፣ ፈርምዌር» የተባለውን ጥቅል እንደገና መጫን ይበቃል። በዴቢያን ከሆናችሁ ከ12ኛው እትም በፊት የነበሩት እነዚህን ነፃ ያልሆኑ ፋይሎች በመደበኛ የመጫኛ ዲስካቸው አይዙም ነበር፤ ከ2023 ወዲህ ግን አብረው ይመጣሉ።

እርምጃ 2፦ የቺፑን ማንነት ማወቅ

በካርቶኑ ላይ ያለው ስም አይጠቅምም። ከገበያ የምንገዛቸው ትናንሽ አዳፕተሮች ብዙዎቹ 802.11ኤን ከሚል ጽሑፍ በቀር ምንም የላቸውም፤ አንድ ዓይነት ልባስ የለበሱ ሁለት አዳፕተሮች በውስጣቸው የተለያየ ቺፕ ሊኖራቸው ይችላል። ታዋቂ ስም ያላቸውም ቢሆኑ ከዚህ አያመልጡም። የቲፒ-ሊንክ ደብሊውኤን722ኤን የመጀመሪያው እትም የአቴሮስ ኤአር9271 ቺፕ ነበረው፤ ከሁለተኛው እትም ጀምሮ ግን የሪልቴክ ሆኗል። ስሙ ያው፣ ድራይቨሩ ፈጽሞ ሌላ።

ስለዚህ ቁጥሩን ጠይቁ፦ «ኤል-ኤስ-ዩ-ኤስ-ቢ»። ከሚወጡት መስመሮች የአዳፕተሩን ለመለየት አንድ ጊዜ ነቅላችሁ፣ አንድ ጊዜ ሰክታችሁ አወዳድሩ። በሁለት ነጥብ የተለያዩ ባለ አራት አኃዝ ሁለት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። እነዚህን ወረቀት ላይ ጻፏቸው።

እኛ ዘንድ ደጋግመው የሚያጋጥሙኝ ጥቂቶች ናቸው። በ0ቢዲኤ የሚጀምር የሪልቴክ ነው፤ ሁለተኛው 8179 ከሆነ ቺፑ አርቲኤል8188ኢዩኤስ ነው፣ የእኅቴ አዳፕተር ይህ ነበር። ሲ811 ከሆነ የ8821ሲዩ ቤተሰብ ነው። 148ኤፍ የራሊንክ ሲሆን ከ5370 ጋር ሲመጣ አርቲ5370፣ ከ7601 ጋር ሲመጣ ደግሞ የሚዲያቴክ ኤምቲ7601ዩ ነው። 0ሲኤፍ3 ከ9271 ጋር የአቴሮሱ ነው።

አንዱን ለብቻው ላንሣው፤ ሰውን ቀኑን ሙሉ የሚያንገላታ ነውና። ቁጥሩ 0ቢዲኤ እና 1ኤ2ቢ ሆኖ ከመጣ አዳፕተሩ ራሱን እንደ ሲዲ ማጫወቻ አድርጎ ነው ያቀረበው። አምራቹ የዊንዶውስ ድራይቨሩን ውስጡ በትንሽ ማኅደረ ትውስታ አስቀምጦታል፤ አዳፕተሩ ሲሰካ መጀመሪያ የሚያሳየው ያንን ዲስክ ነው። በዚህ ሁኔታ የትኛውንም ድራይቨር ብትጭኑ አይይዘውም፤ የሚያየው ዋይፋይ ሳይሆን ዲስክ ነውና። በፋይል መመልከቻው ውስጥ ዲስኩ ከታየ እሱን ማስወጣት ይበቃል፤ ወዲያው ቁጥሩ ይለወጣል። ካልታየ «ዩኤስቢ፣ የመቀነስ ምልክት፣ ሞድስዊች» የተባለውን ጥቅል ጫኑ፤ ይህን መቀያየር የሚሠራው እሱ ነው። ከዚያ ነቅላችሁ ሰክታችሁ ቁጥሩን ዳግም ተመልከቱ።

እርምጃ 3፦ አሁን የያዘው ማነው?

«ኤል-ኤስ-ዩ-ኤስ-ቢ» በሚለው ትእዛዝ ላይ ክፍተት ትታችሁ የመቀነስ ምልክትና «ቲ» ጨምሩ። ዕቃዎቹን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይዘረዝራቸዋል፤ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ድራይቨር ከሚለው ቃል ቀጥሎ ዕቃውን የያዘው ስም ይታያል። በአዳፕተሩ መስመር ላይ ስሙ ባዶ ከሆነ ማንም አልያዘውም። ስም ካለ ጻፉት።

ቀጥሎ «ኤል-ኤስ-ኤም-ኦ-ዲ» በሚለው የተጫኑትን ድራይቨሮች ሁሉ ተመልከቱ። ለአዳፕተራችሁ ቺፕ የሚሆኑ ሁለት ስሞች በአንድ ላይ ከታዩ ሽኩቻውን አገኛችሁት። የሪልቴክ ስሞች በጣም ስለሚመሳሰሉ ዐይናችሁን ክፈቱ። 8188ኢዩ፣ አር8188ኢዩ እና አርቲኤል8ኤክስኤክስኤክስዩ ሦስቱም ለዚያች ለእኅቴ አዳፕተር «የእኔ ናት» የሚሉ ናቸው፤ የተጻፉት ግን በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ እጅ ነው።

እያንዳንዱ ድራይቨር ከየት እንደመጣ ለማወቅ «ኤም-ኦ-ዲ-አይ-ኤን-ኤፍ-ኦ» ጽፋችሁ፣ የመቀነስ ምልክትና «ኤን» ጨምራችሁ፣ የድራይቨሩን ስም አስከትሉ። የፋይሉን አድራሻ ይነግራችኋል። በአድራሻው ውስጥ ዲኬኤምኤስ የሚል ካለ ከውጭ የተጫነና ከርነል በተቀየረ ቁጥር እንደገና የሚገነባ ነው። ከርነልና ድራይቨርስ የሚሉ ማኅደሮችን ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ የከርነሉ የራሱ ነው፤ አንድ ሰው በእጁ ገንብቶ እዚያው ካልከተተው በቀር።

እርምጃ 4፦ ማን መያዝ እንዳለበት መወሰን

«ዩ-ኤን-ኤ-ኤም-ኢ» ጽፋችሁ የመቀነስ ምልክትና «አር» ስትጨምሩ የከርነላችሁን ቁጥር ታገኛላችሁ። ከቺፑ ማንነት ጋር አስተያዩት።

ኤአር9271፣ አርቲ5370 ወይም ኤምቲ7601ዩ ካላችሁ ከውጭ ምንም አትጫኑ። ለመጀመሪያው ኤቲኤች9ኬ-ኤችቲሲ፣ ለሁለተኛው አርቲ2800ዩኤስቢ፣ ለሦስተኛው ኤምቲ7601ዩ የተባሉት ድራይቨሮች ከርነሉ ውስጥ አሉ፤ ሦስተኛውም ቢሆን ከ2015ቱ ከ4.2 ከርነል ጀምሮ ያለ ነው። እነዚህ ካልሠሩ ፈርምዌሩን፣ እገዳውን ወይም መሰኪያውን መርምሩ።

8821ሲዩ እና 8822ቢዩ የሚባሉት ሪልቴኮች ከ6.2 በፊት በነበሩ ከርነሎች የውጭ ድራይቨር ይፈልጉ ነበር። ከ6.2 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ፣ አርቲደብሊው88 የተባለው የከርነሉ ድራይቨር በዩኤስቢ ለሚሰኩትም ማገልገል ጀምሯል።

አርቲኤል8188ኢዩኤስ ታሪኩ ረዘም ይላል። ለዓመታት አር8188ኢዩ በሚባል፣ ከርነሉ ውስጥ ገና በመስተካከል ላይ ባሉት መካከል በተቀመጠ ድራይቨር ሲሠራ ቆይቷል። በ6.3 ከርነል ያ ድራይቨር ተወግዶ ቦታውን አርቲኤል8ኤክስኤክስኤክስዩ ወሰደ። አሁን ኡቡንቱ 22.04ን አስቡት። ሲወጣ የያዘው ከርነል 5.15 ነበር፤ በየጊዜው በሚመጣ ማሻሻያ እስከ 6.8 ደርሷል። ተጠቃሚው ያው ዴስክቶፕ፣ ያው ገጽታ ነው የሚታየው፤ ከሥር ግን የዋይፋዩ ባለቤት ተለውጧል። የእኅቴ ኮምፒውተር ላይ ከዓመታት በፊት ሌላ ባለሙያ 8188ኢዩን ከውጭ ጭኖ፣ የከርነሉን ድራይቨሮች አግዶ ነበር፤ ለዚያን ጊዜ ትክክል ነበር። ያን ሌሊት አዲሱ ከርነል ገባ፣ 8188ኢዩ ለአዲሱ ከርነል እየተገነባ ሳለ መብራት ጠፋ። አርቲኤል8ኤክስኤክስኤክስዩ ሥራውን ሊረከብ ዝግጁ ነበር፤ የዱሮው እገዳ ግን በሩን ዘግቶበታል።

ውሳኔውን በአንድ ሐረግ ልበለው፦ ከርነሉ የራሱ ድራይቨር ካለው እሱ ይቅደም። የውጪው ፍጥነቱ ቢበልጥ እንኳ ከርነል በተለወጠ ቁጥር የሚያመጣውን ጣጣ የሚያካክስ ጥቅም ለጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር አይሰጥም።

እርምጃ 5፦ ማጽዳት

መብራት በመሐል የጠፋበት ማሻሻያ ካለ ከሁሉ በፊት እሱን አስጨርሱ። ሱዶ «ዲ-ፒ-ኬ-ጂ» ጽፋችሁ፣ ሁለት የመቀነስ ምልክቶችና ኮንፊገር የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል፣ ቀጥሎ የመቀነስ ምልክትና «ኤ» አስከትሉ። ተንጠልጥለው የቀሩትን ጥቅሎች ሁሉ አንድ በአንድ ያዋቅራል። እዚህ ላይ ስሕተት ካወጣ መልእክቱን አንብቡት፤ ብዙ ጊዜ የሚያደናቅፈው መገንባት ያቃተው ያው የውጭ ድራይቨር ነው።

ቀጥሎ «ዲ-ኬ-ኤም-ኤስ ስታተስ» በሚለው ከውጭ የተጫኑትን ዘርዝሩ። የእያንዳንዱን ስም፣ የእትም ቁጥሩን፣ ለየትኛው ከርነል እንደተገነባ ያሳያል። የማትፈልጉትን አንሡ፦ ሱዶ «ዲ-ኬ-ኤም-ኤስ ሪሙቭ»፣ ቀጥሎ ስሙ፣ ወደ ፊት ያዘመመ ጭረት፣ የእትም ቁጥሩ፣ ከዚያ ሁለት የመቀነስ ምልክቶችና «ኤ-ኤል-ኤል»። የእኅቴ ላይ ሁለት ስሞች ነበሩ፤ ሁለቱንም አነሣሁ። ሦስተኛውን ልጁ በእጁ ገንብቶ በቀጥታ ማኅደሩ ውስጥ ስለከተተው በዝርዝሩ አልታየም። እሱን ያገኘሁት በእርምጃ 3 ባለው የአድራሻ መጠየቂያ ነው። ወደ ወረደበት ማኅደር ገብቼ ከጫኚው ጋር የመጣውን የማራገፊያ ትእዛዝ አስኬድኩ፤ ከዚያ «ዲ-ኢ-ፒ-ኤም-ኦ-ዲ» በሱዶ ጽፌ የድራይቨሮቹ መዝገብ እንዲታደስ አደረግሁ።

አሁን እገዳዎቹ። የሚገኙት «ኢ-ቲ-ሲ» በተባለው የሲስተሙ ማኅደር ውስጥ፣ ሞድፕሮብ-ነጥብ-ዲ በሚል ንዑስ ማኅደር ነው። በውስጡ ከሲስተሙ ጋር የመጡ ብዙ የእገዳ ፋይሎች ስላሉ ሁሉንም ጠራርጋችሁ እንዳታጠፉ አደራ። የምትፈልጉት የዋይፋይ ድራይቨራችሁ ስም ያለበትን መስመር ብቻ ነው። እንዲሠራ የመረጣችሁት ድራይቨር ታግዶ ካገኛችሁት በመስመሩ መጀመሪያ ላይ የመሰላል ምልክት (#) አስቀምጡ፤ መስመሩ ዋጋ ያጣል፣ ሳይጠፋ ግን ለማስታወሻ ይቆያል። በአንጻሩ የሚሻማ ሌላ ድራይቨር ማስወገድ ካልቻላችሁ በዚሁ ማኅደር ውስጥ በ«ነጥብ ኮንፍ» የሚያልቅ አዲስ ፋይል ፍጠሩና ብላክሊስት ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ቀጥሎ የሚታገደውን ስም ጻፉ። አንድ ፋይል፣ አንድ ወይም ሁለት መስመር፤ ከዚያ አይለፍ።

እገዳ ስትነኩ ከርነሉ ሲነሣ የሚያነብበው ጥቅልም መታደስ አለበት። ሱዶ አፕዴት፣ የመቀነስ ምልክት፣ ኢኒትራምኤፍኤስ፣ ቀጥሎ የመቀነስ ምልክትና «ዩ»። ይህን የዘነጋ ሰው ሁሉን በትክክል ሠርቶ ለውጥ ያጣል።

ከዚያ ኮምፒውተሩን «ዳግም አስጀምር» ሳይሆን ሙሉ በሙሉ አጥፉት፣ አዳፕተሩንም ንቀሉት። ብዙ ዴስክቶፖች ጠፍተውም ለዩኤስቢ መሰኪያዎቻቸው አምስት ቮልት መስጠታቸውን አያቋርጡም፤ የተደናገረው ቺፕ ከነመደናገሩ ይቆያል። አሥር ሰከንድ ያህል ተነቅሎ ይቆይ፣ ከዚያ ሰክታችሁ አብሩ።

የእኅቴ ኮምፒውተር እዚህ ላይ ነው የተመለሰው። ኮምፒውተሩ ተነሥቶ፣ ከአዳፕተሯ ጎን ሰማያዊዋ መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ አለች፤ ለአፍታ ጨለመች፤ ከዚያ ያለማቋረጥ ትንፈራገጥ ጀመር። የጎረቤቱም፣ የእኅቴም፣ የምግብ ቤቱም ዋይፋይ ተራ በተራ በማያ ገጹ ላይ ተዘረዘረ። ከኢንተርኔት የወረደ አዲስ ነገር አልነበረም።

እርምጃ 6፦ የውጭ ድራይቨር የግድ ከሆነ

ቺፑ በከርነላችሁ ውስጥ ድራይቨር የሌለው ከሆነ መጀመሪያ ጠይቁ፦ ከርነሉን ከፍ ማድረግ ይቻላል? የሚቻል ከሆነ ያ ይሻላል። የማይቻል ከሆነ ሦስት ነገሮችን አሟሉ፦ የመገንቢያ መሣሪያዎቹን፣ ዲኬኤምኤስን፣ ከምታስኬዱት ከርነል ጋር በቁጥር የሚመሳሰለውን የሄደር ጥቅል (ድራይቨር ለዚያ ከርነል ሲገነባ የሚያስፈልጉ ፋይሎች)። ሦስተኛው ላይ ነው ሰው የሚወድቀው። የአንድ አኃዝ ልዩነት ካለ ግንባታው ይከሽፋል። የሄደር ጥቅሉን በጠቅላላ ስሙ ብትጭኑት ከርነሉ በታደሰ ቁጥር አብሮ ይመጣል።

ድራይቨሩ ያለ ስሕተት ተገንብቶ ለመጫን እምቢ ካለ፣ መልእክቱም ቁልፍ ተቀባይነት እንዳጣ ከተናገረ፣ ሴኪዩር ቡት በርቷል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ፊርማ የሌለውን ድራይቨር አያስገባም። «ኤም-ኦ-ኬ-ዩ-ቲ-አይ-ኤል» ጽፋችሁ፣ ሁለት የመቀነስ ምልክቶች፣ «ኤስ-ቢ»፣ የመቀነስ ምልክትና ስቴት ብትሉ ሴኪዩር ቡት መብራት አለመብራቱን ይነግራችኋል። ኡቡንቱ ዲኬኤምኤስን ሲጭን የይለፍ ቃል እንድትመርጡ ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሰማያዊ ማያ ገጽ ቁልፉን መመዝገብ ትፈልጉ እንደሆነ ይጠይቃችኋል። ያ ገጽ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሚቆይ አትነሡ፤ ካመለጣችሁ ምዝገባውን ከእንደገና መጀመር አለባችሁ። የይለፍ ቃሉ ቁጥር ብቻ ቢሆን ይመረጣል፤ በዚያ ገጽ ላይ የኪቦርዱ አቀማመጥ እናንተ የለመዳችሁት ላይሆን ይችላል።

እርምጃ 7፦ ይገናኛል፣ ግን አያስተማምንም

ዋይፋዩ ተመልሶ በየአሥር ደቂቃው የሚቋረጥ ከሆነ ድራይቨሩን ደግማችሁ አትወንጅሉ። ኃይል ቆጣቢው ሊሆን ይችላል። በ«ኢ-ቲ-ሲ» ሥር፣ በኔትወርክማኔጀር ማኅደር ውስጥ፣ ኮንፍ-ነጥብ-ዲ በተባለው ሥር በኡቡንቱ ዋይፋይ ፓወርሴቭ የሚል ስም ያለበት ፋይል አለ። በውስጡ ያለውን 3 ወደ 2 ለውጡ፤ 2 ማለት ቁጠባው ይቁም ማለት ነው። ዴስክቶፕ ባትሪ ስለሌለው ከዚህ ቁጠባ የምታጡት የለም።

ኔትወርኮቹ ተዘርዝረው፣ ትክክለኛውን የይለፍ ቃል እያስገባችሁ ደጋግሞ የሚጠይቃችሁ ከሆነ፣ በተለይ በሪልቴክ ላይ፣ ፍተሻ ሲያደርግ የሚለዋወጠው የማክ አድራሻ (አዳፕተሩ በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት መለያ) ሊሆን ይችላል ምክንያቱ። በዚያው በኔትወርክማኔጀር ቅንብር ውስጥ ይህ መለዋወጥ ሊጠፋ ይችላል።

አዳፕተሩ ከጀርባ በሰማያዊ የዩኤስቢ 3 መሰኪያ ላይ ተሰክቶ፣ አጠገቡ ደግሞ የውጭ ሃርድ ዲስክ ካለ፣ የዳታው ዝውውር በ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ላይ ጫጫታ ያሰማል፤ ዋይፋዩ የሚሠራበት ሞገድ ያው ነው። አዳፕተሩን ወደ ጥቁሩ የዩኤስቢ 2 መሰኪያ ውሰዱት፣ ወይም በጥሩ አጭር ማራዘሚያ ከኮምፒውተሩ ብረት አርቁት። የእኅቴ ቤት ላይ ራውተሩ ያለው ከግድግዳ ማዶ ነው። አዳፕተሯን ከኮምፒውተሩ ጀርባ አውጥቼ በግማሽ ሜትር ማራዘሚያ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጣት የምልክቱ ጥንካሬ ከሁለት መስመር ወደ አራት ወጣ።

ማዘርቦርዱ የራሱ ዋይፋይ ካለው ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከአንድ ራውተር ጋር እንዳይገናኙ አንዱን ከቅንብሩ አጥፉ።

ቀጣዩ የከርነል ለውጥ ሳይመጣ

«ሁለት ባላ ትከል» ያለው ተረት የሚሠራው እዚህ ነው። አዲስ ከርነል ሲገባ የዱሮውን ቶሎ አታጥፉ፤ የማይፈለጉ ጥቅሎችን የሚያራግፈውን ትእዛዝ ከማስኬዳችሁ በፊት አንድ ሁለት ቀን በአዲሱ ሥሩበት። ዋይፋዩ ከጠፋ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ሺፍት ወይም ኤስኬፕ ተጭናችሁ ግሩብ በሚባለው የማስነሻ ዝርዝር ውስጥ የላቁ አማራጮችን ክፈቱና የዱሮውን ከርነል ምረጡ። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሳለ ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ምርመራው ማታ ይደርሳል።

ማሻሻያ ደግሞ ክረምት ላይ፣ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም አይጀመርም። ዩፒኤስ ካላችሁ እሱ ላይ፣ ከሌላችሁ መብራቱ በሚረጋበት በጠዋት ሰዓት አድርጉት። ለአንድ ከርነልና ለአንድ ድራይቨር ግንባታ ከሩብ ሰዓት እስከ ግማሽ ሰዓት ያህል ያልተቋረጠ ኃይል ብታዘጋጁ ይበቃል።

በመጨረሻም ወረቀት። ከእኅቴ ኮምፒውተር ጎን ላይ፣ ከዋጋ ዝርዝሩ በታች፣ በቢክ የጻፍኳት ቁራጭ ተለጥፋለች፦ «ቺፕ፦ አርቲኤል8188ኢዩኤስ። ቁጥር፦ 0ቢዲኤ 8179። ድራይቨር፦ አርቲኤል8ኤክስኤክስኤክስዩ፣ የከርነሉ የራሱ። የውጭ ድራይቨር አይጫን። የሚሠራበት መሰኪያ፦ ከጀርባ፣ ጥቁሩ፣ በማራዘሚያ።» ልጁ ከሥሯ በራሱ እጅ አንድ መስመር ጨምሮባታል፦ «ከመጫን በፊት ኤልኤስዩኤስቢ።»